የቴአትር አልባሳት ንድፍ ለመማር ስኮላርሺፕ እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴትስ ይገኛል?

የቴአትር አልባሳት ንድፍ መማር የሚፈልግ ወጣት «የአልባሳት ንድፍ ስኮላርሺፕ» ብሎ ሲያስስ የሚመጣለት ዝርዝር አጭር ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ለፋሽን ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ተሰጥኦ ያላቸው ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ድጋፉ ጠፍቶ ሳይሆን በሌላ ስም ተመዝግቦ ነው ያልታያቸው። አንዱ በቴአትር ንድፍ፣ ሌላው በመድረክ ቴክኒክ፣ ሌላው በእጅ ሙያ፣ ሌላው በአለባበስ ታሪክ ሥር ይገኛል። ከገንዘቡ ትልቁ ክፍል ደግሞ ጭራሹን ስኮላርሺፕ ተብሎ አይጠራም። ከዚህ በታች ከፍለጋው እስከ ውሉ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለፖርትፎሊዮው፣ ማለትም ሥራችሁን ለሚያሳየው ስብስብ ነው፤ በዚህ ሙያ ውሳኔው የሚሰጠው በእሱ ነውና።

1. የምትማሩትን ሙያ ለይታችሁ ጻፉ

በአልባሳት ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሙያዎች አሉ። ንድፍ አውጪው ተውኔቱን አንብቦ፣ ከአዘጋጁ ጋር ተመካክሮ፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በየትኛው ትዕይንት ምን እንደሚለብስ ይወስናል። ቀዳጁና ሰፊው ያንን ስዕል ወደ ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ ወደሚቆረጥበት የቅድ ልክ ይለውጣል፤ ጨርቁን ይቆርጣል፤ በተዋናዩ ገላ ላይ ያስተካክላል። ሦስተኛው አጥኚ ነው፤ የጥንት አለባበስን ያጠናል፣ የሙዚየም ስብስብ ይንከባከባል፣ ለመድረክም መረጃ ያቀብላል። ሁሉንም የምትወዱ ከሆነ ጥሩ ነው። ሆኖም የገንዘብ ሰጪው ሰው የሚደግፈውን ያውቃል፤ ለቅድና ለስፌት በተመደበ ገንዘብ ላይ ስለ ንድፍ ብቻ የሚያወራ ማመልከቻ ቢገባ በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃል።

ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «የማመለክተው ይህን ለመማር ነው፤ ስጨርስ ይህን ሥራ ልሠራ ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይኖራችሁ ፍለጋ አትጀምሩ።

2. ገንዘቡ የተቀመጠባቸውን ቦታዎች በየስማቸው ፈልጉ

መጀመሪያ ወደ ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤቶቹ ሂዱ። በእኔ ግምት ከውጭ ድርጅት የሚገኘው ድጋፍ ሁሉ ተደምሮ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው የሚተዉትን ክፍያ አያክልም። የታወቀው ምሳሌ የየል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2021 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ባለሀብት ዴቪድ ጌፈን የሰጠው የ150 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ የድራማ ትምህርት ቤቱን ለሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ሁሉ ከትምህርት ክፍያ ነፃ አድርጎታል፤ የአልባሳት ንድፍ ተማሪዎችም በዚሁ ውስጥ ናቸው። መግቢያው በጣም ጠባብ ነው፤ ቢሆንም የገባ ሰው ለትምህርቱ ገንዘብ ፍለጋ አይወጣም።

በሌሎች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የማስተርስ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው የአልባሳት ወርክሾፕ ውስጥ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ እስከ 20 ሰዓት፣ እየሠራ የትምህርት ክፍያው የሚሰረዝለትና ወርሃዊ አበል የሚያገኝበት አሠራር አለ። ይህ የረዳትነት ሥራ «አሲስታንትሺፕ» ይባላል። በስኮላርሺፕ ዝርዝር ውስጥ ስለማይገባ ሰው ያልፈዋል። እኔ ከገንዘቡ እኩል የምወድለት ሌላ ነገርም አለው፤ ተማሪው ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲቀደድ፣ ሲለካና ሲታረም እያየ ይማራል። ለትምህርት ክፍሉ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ «በአልባሳት ወርክሾፕ ውስጥ የረዳትነት ቦታ አለ? ለውጭ አገር ተማሪስ ክፍት ነው?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ዩአርቲኤ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው የዩኒቨርሲቲ ቴአትሮች ማኅበር ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ የንድፍና የቴክኒክ አመልካቾችን በአንድ ጊዜ ከብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በቃለ መጠይቅ ያገናኛል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለብቻ ከመሮጥ ያድናል።

ክፍያ የሌለበት ወይም ክፍያው አነስተኛ የሆነበት ትምህርትም ራሱ ድጋፍ ነው። በአብዛኞቹ የጀርመን ክፍለ ግዛቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። የበርሊን የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ የመድረክ አልባሳትን፣ የሐምቡርግ የተግባራዊ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የኮስትዩም ንድፍን ራሱን በቻለ የትምህርት ዘርፍ ያስተምራሉ። ትምህርቱ በጀርመንኛ ስለሆነ ቋንቋውን ለመማር የሚያልፈውን ጊዜ አስቀድማችሁ ቁጠሩት።

ቀጥሎ የሙያ ማኅበራት አሉ። የሚሰጡት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ ተወዳዳሪውም በዚያው ልክ ትንሽ ነው፤ ስሙ ደግሞ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ምስክር ይሆናል። በ1960 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ተቋም ለወጣት ንድፍ አውጪዎችና ቴክኒሻኖች በሚሰጣቸው ሽልማቶች ውስጥ በዜልማ ዋይስፌልድ ስም የተሰየመ የአልባሳት ንድፍና ቴክኖሎጂ ሽልማት አለ። በ1964 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የብሪታንያ ኮስትዩም ሶሳይቲ በያርዉድ ስም ለማስተርስ ተማሪዎች የምርምር ወጪ ይደግፋል። ለስፌት ተማሪዎችም «ፓተርንስ ኦፍ ፋሽን» የተባለ ሽልማት አለው። የዚህ ሽልማት ተወዳዳሪ በአለባበስ ታሪክ አጥኚዋ በጃኔት አርኖልድ የታተሙትን የጥንት ልብስ ቅዶች ተከትሎ ልብሱን እንደገና ይሠራል። የአሜሪካ ኮስትዩም ሶሳይቲ ደግሞ በስቴላ ብሉም ስም የሰሜን አሜሪካን አለባበስ ለሚያጠኑ ተማሪዎች የምርምር ድጋፍ ያደርጋል። በ1982 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአሜሪካው የልዕልት ግሬስ ፋውንዴሽን የቴአትር ተማሪዎችን ሲደግፍ አልባሳት ንድፍንም ያካትታል።

ሰፊዎችና ቀዳጆች የእጅ ሙያ ድጋፎችን እንዳትረሱ። በብሪታንያ ለሚኖሩና ለሚሠሩ ሰዎች ኪውኢኤስቲ የተባለው ድርጅት ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእጅ ሙያ ሥልጠናን ይደግፋል፤ ባርኔጣ ሠሪዎችም ልብስ ሰፊዎችም ከእሱ ተጠቃሚ ሆነዋል። ቴአትር የሚል ቃል ማስታወቂያው ላይ ስለሌለ ብቻ ስንቱ የመድረክ ሰው አልፎት ይሆን!

በመጨረሻ የመንግሥታት ድጋፎች ይመጣሉ። እነዚህ ሙያን ሳይሆን አመልካቹን ነው የሚመርጡት፤ ትምህርቱን እናንተ ታመጣላችሁ። የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቺቭኒንግ በዚያው አገር የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሸፍናል፤ የሁለት ዓመት ማለትም የ2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሦስት የትምህርት ምርጫዎችንም ያስመዘግባል። በቴአትር ቤት በአልባሳት ክፍል የሠራችሁት ሰዓት የሥራ ልምድ ነውና መዝግቡት፤ አሠሪያችሁም በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በሁለትና ከዚያ በላይ አገሮች የሚሰጡ የጋራ ማስተርስ ትምህርቶችን ይደግፋል፤ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገቡት ትምህርቶች በየጊዜው ስለሚቀያየሩ «ክዋኔ ጥበባት» እና «የባህል ቅርስ» በሚሉት ዘርፎች ሥር ጭምር ፈልጉ። የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ፉልብራይትም ጥበባትን ይቀበላል።

3. የማመልከቻውን ደንብ እንደ ውል አንብቡት

ሰው ብዙ ሥራ ሠርቶ የሚወድቀው ብቁ ባልሆነበት ቦታ ሲያመለክት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ዜግነት፣ የትምህርት ደረጃና የትምህርቱ ርዝመት ምን እንደሆኑ አጣሩ። ርዝመቱን አደራ። በአሜሪካ የንድፍ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ በብሪታንያ አንዳንድ የጥበብ ማስተርሶች ወደ 15 ወር ይዘልቃሉ። የአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ የሚሸፍን ድጋፍ ይህን አይቀበልም። ድጋፉ ከትምህርቱ የሚያጥር ከሆነ የቀረውን ጊዜ ማን እንደሚከፍል ከወዲሁ ጠይቁ።

አንዳንዱ ድጋፍ ደግሞ አመልካቹን በቀጥታ አይቀበልም። የልዕልት ግሬስ ድጋፍ ለምሳሌ ተማሪውን ትምህርት ቤቱ ወይም ቴአትር ቤቱ እንዲያቀርበው ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ስታገኙ የማብቂያ ቀኑ የእናንተ አይደለም፤ አቅራቢው የሚወስንበት ቀን ነው፤ ያም ከወራት በፊት ሊሆን ይችላል። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «እባክዎ በዚህ ዓመት የምታቀርቡትን ሰው የምትመርጡት መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

4. ፖርትፎሊዮውን ሥሩ

ዳኞቹ የሚያዩት የሚያምር ስዕል መሳላችሁን ብቻ አይደለም። ተውኔት ማንበብ ትችላላችሁ ወይ? ያነበባችሁትን ወደ ጨርቅ መለወጥስ? ጨርቁ በሰው ገላ ላይ፣ በመብራት ሥር፣ በሩቅ ለተቀመጠ ተመልካች ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ ወይ? ብዙ ፖርትፎሊዮ የሚወድቀው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይኖረው በሥዕል ውበት ብቻ ሲመጣ ነው።

አንድ ምልክት ልንገራችሁ። በፋሽን ሥዕል የሰው ቁመት የጭንቅላቱን ርዝመት ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ፣ እግሩ ረዝሞ፣ ወገቡ ጠቦ ይሳላል። ለመድረክ ይህን ይዛችሁ ከቀረባችሁ ዳኛው ወዲያው የሚያስበው «ይህ ልጅ ልብሱን እንጂ ሰውየውን አላየም» ብሎ ነው። የሚለብሰው ተዋናይ አጭርም ወፍራምም ጎባጣም ሊሆን ይችላል። በሥዕላችሁ ላይ ገጸ ባሕርዩ እንዴት እንደሚቆም፣ ክብደቱን በየትኛው እግሩ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ይታይ። በሕያው ሰው ላይ የተሠሩ ጥቂት ፈጣን ንድፎችን ጨምሩ፤ ለዚህ ብቃት ከእነሱ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከዚያ አንድ ሥራ መርጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝርዝር አሳዩ። ከስድስት ተውኔት ስድስት ቆንጆ ገጽ ከማቅረብ፣ ከአንድ ተውኔት ስድስት ገጽ ሥራ ማቅረብ ይሻላል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። አካሄዱን በአንድ ልብስ ላይ እንየው። በሦስተኛው ትዕይንት የሐዘን ኮት ለብሳ የምትወጣ፣ በአራተኛው ትዕይንት በሠርግ ልብስ የምትመለስ ገጸ ባሕርይ አለች እንበል። በመካከሉ ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የመጀመሪያው ገጽ የተውኔቱ ቅንጭብ ነው፤ ስለ ኮቱ ወይም ስለ ሐዘኗ የሚናገሩት መስመሮች ተሰምሮባቸው፣ በጠርዙ ላይ የእናንተ ማስታወሻ አለ። ሁለተኛው የጥናት ገጽ ነው፤ የዘመኑ ፎቶግራፍ፣ ሥዕል፣ ከሙዚየም ስብስብ የተገኘ እውነተኛ ኮት፣ እያንዳንዱም ከየት እንደመጣ ተጽፎበታል። ሦስተኛው ሥዕሉ ነው፤ አጠገቡ የጨርቅ ቁራጭ ተለጥፏል።

አራተኛው ገጽ ብዙዎች የሚተዉት ነው፤ ሥራ ሠሪውን ለይቶ የሚያሳየው ግን ይኸው ነው። ኮቱ መጀመሪያ በአቡጀዲ ተሰፍቶ በተዋናይዋ ላይ ሲሞከር የተነሳ ፎቶ ነው። እርሳስና እስፒል የነካካው፣ ብብቱ ሥር የተተረተረ፣ «እጅ ስታነሳ ይጎትታል» ተብሎ የተጻፈበት። አምስተኛው የተጠናቀቀው ኮት ውስጡ ተገልብጦ ነው። ከፊት የተደረደሩት ቁልፎች ጌጥ ብቻ ናቸው፤ ኮቱ የሚዘጋው ከሥራቸው በተሰፋው ተጭኖ በሚያዝ የብረት ቁልፍ ነው፤ አንዴ ሲጎተት ይከፈታል። ቬልክሮ ለምን እንዳልተጠቀማችሁ በአንድ መስመር ጻፉ፤ ጸጥ ባለ ትዕይንት የመላቀቂያው ድምፅ እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል። የስፌቱ ትርፍ ሰፋ ተደርጎ የተተወውም ኮቱ ነገ ለሌላ ተዋናይ እንዲሰፋ ነው። ስድስተኛው ገጽ የመድረክ ፎቶ ነው። ይህን ያየ ዳኛ ስለ ችሎታችሁ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ከዚሁ ጋር የልብስ ሠንጠረዥ አስገቡ። በአንድ ወገን ገጸ ባሕርያቱ፣ በሌላው ትዕይንቶቹ ተደርድረው፣ በየሳጥኑ ማን ምን እንደሚለብስ የሚያሳይ ነው። ቀላል ወረቀት ነው። ሆኖም አንዱ ተዋናይ ሁለት ሚና ሲይዝ ልብስ የሚቀይርበት ጊዜ ከየት እንደሚገኝ አስቀድማችሁ ማሰባችሁን ያሳያል።

ቀለምን በተመለከተ ጨርቁን በቀን ብርሃንም በመድረክ መብራትም ፎቶ አንሱት። ሰማያዊ ጨርቅ በብርቱካንማ መብራት ሥር ይጠቁራል ወይም ግራጫ ይመስላል፤ ይህን አውቃችሁ የመረጣችሁት መሆኑ ይታይ። የጨርቁን አሠራር ለማሳየት ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ከፊት የመጣ ብርሃን ሻካራውንም ልስልሱንም አንድ ያደርገዋል።

በመድረክ የቀረበ ሥራ የሌላችሁ አትጨነቁ። አንድ ተውኔት ምረጡና በወረቀት ንድፉን ሥሩ፤ አንዱን ልብስ ብቻ በእውነት ስፉት። በገጹ ላይ «መድረክ ላይ ያልቀረበ፣ ለልምምድ የተሠራ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። በጋራ የተሠራ ሥራ ከሆነ የእናንተ ድርሻ የቱ እንደሆነ፣ አዘጋጁ ማን እንደነበረ፣ ፎቶውን ማን እንዳነሳው ይጠቀስ። የሌላውን ሰው ስፌት እንደራስ ማቅረብ በቃለ መጠይቅ ሦስት ጥያቄ አያልፍም።

የገጹን ብዛትና የፋይሉን መጠን ትምህርት ቤቱ እንዳዘዘው አድርጉ። ጠንካራው ሥራ ከፊት ይሁን።

5. የፍላጎት መግለጫውን ጻፉ

«ከልጅነቴ ጀምሮ ልብስ እወዳለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አጥፉት። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁሉም ይጽፈዋል። በምትኩ እንዲህ ያለ ነገር ጻፉ፦ «በሠራሁበት ተውኔት አንዲት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሃያ ዓመት ታረጃለች። ዕድሜዋን በሜካፕ ሳይሆን በኮቷ ትከሻ ለማሳየት ሞክሬ ነበር፤ ቅድ በሚገባ ስለማላውቅ ያሰብኩት ትከሻ አልወጣልኝም። ወደዚህ ትምህርት የምመጣው ያንን ትከሻ መቅደድ ለመማር ነው።» እዚህ ውስጥ የተሠራ ሥራ አለ፤ የጎደለ እውቀት አለ፤ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ነገር አለ። ስለ ችግራችሁ መጻፍ ካለባችሁ በሁለት መስመር ብቻ፣ በቁጥር ጻፉት፤ የቀረው ስለ ሥራው ይሁን።

6. የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን በጊዜ ያዙ

አንዱ አስተማሪ ይሁን፤ ሌላው ግን አብሯችሁ የሠራ የቴአትር ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ አዘጋጅ ወይም የአልባሳት ክፍል ኃላፊ። ዝነኛ ሰው ሳያውቃችሁ ከሚጽፈው፣ የምሽቱ ትርኢት ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው የተቀደደ እጅጌ ስትጠግኑ ያየ ሰው የሚጽፈው ይበልጣል። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቋቸው፤ የድጋፉን ማስታወቂያ፣ የፍላጎት መግለጫችሁንና ጥቂት የፖርትፎሊዮ ገጾች አያይዙላቸው።

7. በጀቱን ሙሉ አድርጉ

አጠቃላይ ድጋፎች የታሰቡት መጽሐፍና ደብተር ለሚበቃው ተማሪ ነው። የአልባሳት ተማሪ ግን ጨርቅ ይገዛል፤ ለሙከራ አቡጀዲ፣ ማቅለሚያ፣ ክር፣ ለጨርቅ ብቻ የሚውል መቀስ፣ የሥዕል ወረቀትና ቀለም፣ የኅትመት ወጪ፣ የቴአትር መግቢያ ትኬት ያስፈልገዋል። ትምህርት ክፍሉን «የስፌት መኪናና ማኒኪን (ልብስ የሚለካበት የሰው ቅርጽ) ከትምህርት ሰዓት ውጭ መጠቀም ይቻላል? ጨርቁን ማን ይገዛል?» ብላችሁ ጠይቁና የተነገራችሁን በበጀቱ ላይ አስፍሩ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቪዛን፣ የጤና መድንን፣ የቤት መያዣን ይጨምር። ጀርመን ለምሳሌ ተማሪው ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ማስረጃ ትፈልጋለች፤ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ጀምሮ መጠኑ 11,904 ዩሮ ነው። በቂ የሆነ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ይህን ሊተካ ይችላል።

ቁጥሩ ትልቅ ሆነ ብላችሁ አትቀንሱት። በእውነተኛ ዋጋ የተሠራ በጀት የሚያሳየው ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆናችሁን ነው፤ በትርኢት ጊዜም የምትያዙት በበጀት ነው።

8. ለቃለ መጠይቁ

ሥራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ፤ በስክሪን ከሆነ የጨርቁን ቁራጮች አጠገባችሁ አድርጉ። የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ «ለምን ይህን መረጥሽ?» እና «አዘጋጁ ሐሳብሽን ባይቀበልስ?» ነው። ለሁለተኛው የሚጠበቀው መልስ መታዘዝም መከራከርም አይደለም፤ ተውኔቱን መልሳችሁ ከፍታችሁ ሁለታችሁን የሚያስማማ መነሻ እንዴት እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

9. መልሱ ሲመጣ

ድጋፉ የተገኘው በከፊል ከሆነ ወዲያው አትፈርሙ፤ እምቢም አትበሉ። ለትምህርት ቤቱ የጎደለውን መጠን በቁጥር ጻፉና ተጨማሪ እርዳታ ወይም የረዳትነት ሥራ ካለ ጠይቁ። ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። ከሌላ ቦታ ያገኛችሁት ድጋፍ ካለ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይፈቀድ እንደሆነ አረጋግጡ፤ አንዳንዱ ሰጪ ሌላው የሰጠውን ያህል ከራሱ ይቀንሳል። ትምህርት ሲያልቅ ወደ አገር መመለስን የሚያስገድድ ውልም አለ፤ ቺቭኒንግ ተማሪው ቢያንስ ሁለት ዓመት አገሩ እንዲቆይ ይጠይቃል።

«ስኮላርሺፕ ደርሶሃል፤ ለማስለቀቂያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል መልእክት ከመጣ አጭበርባሪ ነው። የትምህርት ቤት የማመልከቻ ክፍያ ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ቢሆን አቅም የሌለው አመልካች እንዲቀርለት መጠየቅ ይችላል።

ካልተሳካ የዳኞቹን አስተያየት በጨዋ ደብዳቤ ጠይቁ፤ የሚመልሱ አሉ። ከተሳካና ቪዛው ከዘገየ ደግሞ ድጋፉ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ።